የዘጠኝ ሰዓቱ ደረሰኝ

የከባድ መኪና ባለቤት የሆንኩት ባሌ ሲሞት ነው። እስከዚያ ድረስ የእኔ ሥራ ሱቁ ነበር፤ ሚዛን ተፈሪ ገበያው አጠገብ ዱቄት፣ ማካሮኒ፣ ዘይትና ሳሙና እሸጥ ነበር፤ አሁንም እሸጣለሁ። መኪናው የባሌ ነበር፤ ሹፌሩም የባሌ ሰው ነበር። ባሌ ሲቀበር ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው። አርባው እንዳለፈ ቁልፉን አምጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና፣ "እትዬ፣ ሌላ ሰው መቅጠር ከፈለጉ አልቀየምም፤ ካልፈለጉ ግን እኔ አለሁ" አለኝ። በዚያን ጊዜ የሚያስፈልገኝ አለሁ የሚል ሰው ስለነበር ቁልፉን መለስኩለት።

ሰውየው የቤንች ተወላጅ ነው፤ ቤቱ አማን ነው፤ አምስት ልጆች አሉት። ከእኔ ቢበልጥ በሁለት በሦስት ዓመት ነው፤ ግን ባሌ አንተ ሲለው እየሰማሁ ስለኖርኩ እኔም አንተ እለዋለሁ፤ እሱ አንቱ ይለኛል። ነገር አያበዛም። ከቴፒ ተነስቶ ጅማ እስኪገባ ሬዲዮ እንኳን አይከፍትም ይሉታል።

መኪናውን ከተረከብኩ ቀን ጀምሮ አንድ ፍርሃት ያዘኝ። ሴት ናት፣ መንገድ አታውቅም፣ ሞተር አታውቅም ብለው ይጫወቱብኛል የሚል። ጎማ ሻጩ፣ መካኒኩ፣ ጭነት የሚያገናኘው ደላላ፣ ሁሉም ሲያናግረኝ ሳቁን የዋጠ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ወረቀት የሌለው ነገር አላምንም አልኩ። የነዳጅ ደረሰኝ፣ የጎማ ደረሰኝ፣ ሹፌሩ ያደረበት የአልጋ ደረሰኝ። በእኛ አገር መንገድ ደግሞ ደረሰኝ እንደ ልብ አይገኝም። የማን እንደሆነ የማይታወቅ ገመድ መንገዱ ላይ ተዘርግቶ ታገኛለህ፤ ገመዱ የሚረግበው ሹፌሩ ብር ይዞ እጁን በመስኮት ሲያወጣ ነው፤ ለዚያ ወረቀት የሚቆርጥ የለም። እሱን እንኳን ለመቀበል ከሹፌሩ ጋር ሁለት ቀን ተኮራርፌያለሁ። ክፉ ሰው ነበርኩ አልልም፤ ግን የሚጠራጠር ሰው ክፉ ለመሆን ብዙ አይቀረውም።

መኪናው ከቴፒ ቡና ጭኖ በሚዛን፣ በቦንጋ፣ በጅማ አድርጎ አዲስ አበባ ያራግፋል። ከዚያ ባዶውን አዳማ ይወርድና ለእኔና ለሌሎች ነጋዴዎች ዱቄትና ማካሮኒ ጭኖ ይመለሳል። ከአዲስ አበባ አዳማ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ አሮጌው ነው፤ በዱከም፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ ከተማ መሃል ያልፋል፤ አይከፈልበትም። ሌላው በአጥር የታጠረው፣ ሲገቡ ካርድ ተቀብለው ሲወጡ የሚከፍሉበት ነው። ሹፌሮች "ፈጣኑ" ይሉታል። እኔ "የክፍያው" ነበር የምለው፤ ከስሙ ጀምሮ ነው የተጣላሁት። ባሌ በሕይወት ሳለ በዚያ እንዲሄድ ፈቅዶለት ነበር። እኔ ግን ለመውረጃ አንድ፣ ለመመለሻ አንድ፣ ያውም ከነተሳቢው ከቤት መኪና ብዙ እጥፍ መክፈሉ ከነከነኝ። መንገድ ለሕዝብ አይደለም ወይ የሚሠራው እያልኩ ማካሮኒ ሊገዛ የመጣውን ሰው ሁሉ አደርቀው ነበር።

ሹፌሩ የራሱ ክርክር ነበረው። በአሮጌው በየጥቂቱ የፍጥነት መቀነሻ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ጋሪ አለ፣ ከብት አለ፤ ከፋብሪካ የሚወጣው ሠራተኛ መንገዱን ይሞላዋል። ከባድ መኪና ሲቆም ሲነሳ ፍሬኑ ያልቃል፣ ነዳጁ ይበላል፣ ጎማው ይላጣል። "ነጻ የሚሉት እኮ፣ እትዬ፣ ደረሰኝ ስለማይሰጡበት ነው" አለኝ አንድ ቀን። ሳቄ መጣ፤ ግን አልተረታሁም። ሌሎች ባለመኪናዎችንም ጠየቅኩ። ገሚሱ ጊዜ ገንዘብ ነው፣ ክፈይ አለኝ። ገሚሱ ደግሞ ሹፌር ፈጣኑን የሚወደው ተኝቶ ስለሚነዳበት ነው አለኝ። አንዷ ነጋዴ ሴት፣ "ደረሰኝ አመጣልኝ ብለሽ እንዳትታለዪ፤ ሌላው የጣለውን ለቅመው ያመጡልሻል፤ እነሱ የሄዱት በአሮጌው ነው፣ ብሩ ኪሳቸው ነው" አለችኝ። ይህ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

ዋናውን ምክንያቱን የነገረኝ ሌላ ቀን ነው። ግቢዬ ውስጥ ዱቄት እየተራገፈ፣ ወዛደሮቹ እስኪርቁ ጠብቆ ወደ እኔ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ዓይኔን ሞራ ጀምሮኛል። ቀን ምንም አልል። ጀምበር ስትጠልቅ ግን ከፊቴ የሚመጣው መብራት ሲያበራብኝ ሁሉም ነገር ወተት ይሆንብኛል። በእኛ አገር መንገድ ሳይመሽ እቆማለሁ፣ ጅማም ቦንጋም አድራለሁ። አዳማ ግን ጭነት የሚያልቀው ብዙ ጊዜ ወደ ማታ ነው። ፈጣኑ ላይ የሚሄደውና የሚመጣው ተለያይቷል፤ ጋሪ የለ፣ የሚያቋርጥ ሰው የለ። እዚያ አልፈራም።"

ይህን የነገረው ለእኔ ብቻ ነው። መንጃ ፈቃዱን ሲያሳድስ የዓይን ምርመራውን እንዴት እንዳለፈ አልጠየቅኩትም፤ መልሱን መስማት አልፈለግኩም። አዳማ እደር እንዳልለው አንድ ቀን መባከኑ ያንገበግበኝ ነበር። "እንግዲያው በክፍያው ሂድ፤ ደረሰኙን ግን ታመጣለህ። ከቡናው በኋላ ጅማ ልኬ አሳክምሃለሁ" አልኩት። ከዚያ ቡና በኋላ ሌላ ቡና መጣ፤ ጅማ ሳልልከው ቀረሁ።

ደረሰኙን ያመጣ ነበር። ትንሽ፣ ስስ፣ በፈረንጅ ፊደል የታተመ ወረቀት ነው። ፊደሉን ባላነብም ቁጥር አይጠፋኝም። ማታ ማታ ሱቁን ስዘጋ የግድግዳውን ካሌንደር አወርድና የፈረንጁን ቀን ወደ ሀበሻ እየገለበጥኩ፣ ያ ቀን የእኛ መኪና እዚያ የነበረበት መሆኑን አመሳክር ነበር። በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር። አንድም ቀን ስህተት አላገኘሁበትም፤ አለማግኘቴ እየቆየ አናደደኝ ብል ውሸት አይሆንም።

አንድ ማክሰኞ መኪናው ገብቶ እየተራገፈ ደረሰኙን ሰጠኝ። ከአዳማ ሲመለስ የክፍያው መንገድ አዲስ አበባ መግቢያ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ የከፈለበት ነው። ቀኑን አመሳከርኩ፤ ልክ ነው፣ ሰኞ ነው። ከዚያ ከቀኑ ጎን ያለችውን ሰዓት አየሁ፤ ከዚያ በፊት ልብ ብያት አላውቅም። 09:12 ትላለች። ሰኞ ዕለት ደግሞ ሹፌሩ ደውሎልኝ ነበር፤ ወልቂጤ ምሳ በልቼ ልነሳ ነው ብሎ። ስልኬን አወጣሁ። ስልኩን ልጄ በሀበሻ ሰዓት ሞልታልኛለች፤ የተደወለበት ሰዓት 9:05 ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ወልቂጤ የነበረ ሰው ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ቱሉ ዲምቱ ላይ ሊከፍል አይችልም። ወልቂጤ መሆኑ ደግሞ እውነት ነው፤ ባይሆን ኖሮ ማክሰኞ ሚዛን አይደርስም ነበር። ስለዚህ ወረቀቱ የሌላ መኪና ነው፤ የተለቀመ ነው።

ሰው እስኪሄድ መጠበቅ ይቻል ነበር። እኔ ግን ወዛደሮቹ፣ ጎረቤት ባለሱቆችና ገበያተኛው ፊት ስልኬንና ወረቀቱን ይዤ ቆምኩ። "በሰባት ደቂቃ ከወልቂጤ ቱሉ ዲምቱ ደርሰህ የምትመለሰው መኪናዬን ክንፍ አብቅለህላት ነው?" አልኩት። አንዱ ወዛደር ሳቀ። ሹፌሩ ወረቀቱን ተቀብሎ አየው፤ ዓይኑን ስለሚያመው አርቆ ነበር የያዘው። ስልኬን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ረጅም ጊዜ አየኝ።

"የዓይንህም ነገር እንዲሁ ተረት ነው ማለት ነው" አልኩት።

አሁንም ምንም አላለም። "ከዛሬ ጀምሮ በአሮጌው ነው የምትሄደው፤ ለክፍያው ሰባራ ሳንቲም ከእኔ አታይም" አልኩት። "እሺ፣ እትዬ" አለና ሸራውን ሊያጥፍ ወጣ። ዝም ማለቱን ጥፋቱን እንደ ማመን ቆጠርኩት። ንጹሕ ሰው ይጮኻል ብዬ ነበር የማስበው፤ እኔ እጮህ ስለነበር ነው።

ያን ዓመት ኅዳር ላይ ባልታሰበ ዝናብ ቴፒ ላይ የተሰጣ ቡና እየራሰ ነበር። ጭነት ሰጪው በቀን ሦስት ጊዜ ይደውልልኝ ነበር፤ መኪናሽ ካልመጣ ለሌላ እሰጣለሁ ይላል። ሹፌሩ አዳማ ነበር፤ ዱቄቱ ቀኑን ሙሉ ወረፋ ጠብቆ የተጫነለት ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ነው። ደወለልኝ።

"እትዬ፣ ሊመሽ ነው። ወይ ልደር፣ ወይ ዛሬን ብቻ በፈጣኑ ልውጣ። ከኪሴ እከፍላለሁ" አለኝ።

ከኪሴ እከፍላለሁ የሚል ሌባ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን፣ "ከኪስህ የምትከፍለው ካለህ ለልጆችህ ላክላቸው። ማደር የሚባል ነገር የለም፤ ቡናው እየበሰበሰ ነው። በአሮጌው ቶሎ ውጣ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ባንኮኒው ላይ ሳሙና እየቆጠርኩ ነበር፤ ቆጠራዬን ቀጠልኩ።

ዱከም ሳይደርስ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከፊቱ አውቶቡስ መብራቱን አብርቶ መጣበት። በራሱ መስመር ደግሞ ከፊቱ ገለባ የጫነ ጋሪ ወደ ቤቱ እየሄደ ነበር። ጋሪ የኋላ መብራት የለውም። ባለጋሪው እዚያው ሞተ፤ ፈረሱም ሞተ። ሟቹ ጎልማሳ ነው፤ ሚስትና ልጆች ነበሩት። አንዳንድ ሹፌር እንዲህ ሲደርስበት የሰው ቁጣ ፈርቶ ይሮጣል። የእኔው ግን ወርዶ ሟቹን በሸራ ሸፈነና አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ፖሊስ ሲመጣም እዚያው እንደተቀመጠ ነበር። ይህን የነገረኝ አንድ ሰዓት ላይ የደወለልኝ ፖሊስ ነው። የሹፌሬን ስም ሲነግረኝ በመጀመሪያ ያልኩት፣ "በየትኛው መንገድ ላይ ነው?" የሚል ነበር። ጥያቄዬ ፖሊሱን ገረመው።

በማግስቱ አማን ወደ ሹፌሩ ሚስት ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፤ ደጁ ላይ ሰው ተቀምጧል። ሚስቱ ጥግ ላይ ነበረች፤ እጇን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አማርኛዋ እንደ ባሏ አይደለም፤ ቃል እየፈለገች ነው የምትናገረው።

"ዓይኑ ታሞ ነበር። እርስዎ ያውቁ ነበር?" አለችኝ።

"አላውቅም" አልኳት።

ይህን ስጽፍ ሴቲቱ አንድ ቀን ታነበዋለች ብዬ አይደለም፤ ማንበብ አትችልም። ልጆቿ ግን ይችላሉ፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ይታወቅልኝ፤ አውቅ ነበር። ወደ ትልቋ ልጇ ዞራ በቤንችኛ አንድ ነገር አለቻት። አርባ ዓመት ሚዛን ኖሬ ምን እንዳለች አልገባኝም። ልጅቷም አልተረጎመችልኝም።

ሽማግሌ ይዤ ከሟቹ ቤተሰብ እግር ላይ ወድቄያለሁ። ይቅርታ አደረጉልኝ፤ የሟቹ እናት ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የተቀመጠችው። ሹፌሩ ጥፋቱን አመነ። ዳኛው ስለ ዓይኑ ሲጠይቀው ለመኪናው ባለቤት ነግሬያለሁ አላለም፤ ሕመሜን ደብቄ ነዳሁ አለ። ተፈረደበት፤ ቢሾፍቱ እስር ቤት አስገቡት።

ሱቁን ትቼ ሄጄ ለመጠየቅ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው እል ነበር፤ ፈርቼ ነው። ቆሎ፣ ሳሙናና ወፍራም ሹራብ ይዤ አዲስ አበባ አደርኩና ጠዋት ቢሾፍቱ የሚሄድ የኮንትራት መኪና ያዝኩ። ባለመኪናው በየት እንሂድ ብሎ ሳይጠይቀኝ ፈጣኑ መንገድ ውስጥ ገባ። እኔ በዚያ መንገድ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነበር። ሰፊ ነው፣ መሃሉ ተከፍሏል፤ ከወዲያ የሚመጡት መኪኖች ሌላ አገር የሚሄዱ ይመስላሉ። ጋሪ የለም፣ ሰው የለም። ቢሾፍቱ መውጫ ላይ ባለመኪናው ከፈለና ደረሰኙን ዳሽቦርዱ ላይ ወረወረው። የለመደብኝ ነውና አነሳሁት።

08:47 ይላል። የእጅ ሰዓቴን አየሁ፤ ሁለት ሰዓት ከአርባ ሰባት ነው።

"ማሽናቸው ሰዓቱ ተሳስቷል" አልኩት።

"አልተሳሳተም፣ እማማ። የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያትመው።"

ወረቀቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ስድስት ሰዓት ቀነስኩ። ከዚያ ከዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ስድስት ቀነስኩ። ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት፣ ጠዋት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ቱሉ ዲምቱ ላይ የከፈለ ከባድ መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወልቂጤ ይደርሳል፤ የተጣደፈ እንኳን አይደለም። ያን ሁሉ ማታ ካሌንደር እያወረድኩ ቀኑን ስገለብጥ፣ ቀኑ የፈረንጅ ከሆነ ሰዓቱም የፈረንጅ መሆኑን አንዴ እንኳን አላሰብኩም። ባለመኪናው ውሃ ልግዛልዎት ወይ ሲለኝ ነው እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅኩት።

ጠያቂና እስረኛ የሚገናኙበት ቦታ በሽቦ የተከፈለ ዳስ ነው። ከስቷል። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ከየትኛው ወገን እንደምመጣ ሲፈልገኝ፣ ፊቱን ወዲያና ወዲህ ሲያደርግ፣ ሞራው ምን ያህል እንደጎለበተ አየሁ። ስለ ልጆቹ ጠየቀኝ፤ ደህና ናቸው አልኩት። መኪናው ተሠራ ወይ አለኝ፤ ተሠራ አልኩት። ከዚያ የዚያን ጠዋቱን፣ ላብ ያራሰውን ደረሰኝ ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ ለማን እንደማሳየው እንጃ፣ እሱ አያየውም።

"ያ የማክሰኞው ደረሰኝ የአንተው ነበር" አልኩት። "ሰዓቱን አሳስቼ ነው ያነበብኩት። የፈረንጅ መሆኑን አላወቅኩም ነበር። ለምን ያን ጊዜ አልነገርከኝም?"

ፊቱን ወደ ሽቦው አስጠጋ። ፊቱ ላይ ያየሁት ግርምት ነው።

"እውነት አላወቁም ነበር?" አለኝ። "እኔ እኮ የሚያውቁ መስሎኝ ነው። ይህን ያህል ዓመት ነግደው ሰዓት ይጠፋዎታል ብዬ አላሰብኩም። ክፍያው ከብዶዎት ምክንያት የፈለጉ መስሎኝ ነው። ሰው ፊት ውሸትዎን ማውጣት ነውር ሆነብኝ፤ ባለቤትዎም ወዳጄ ነበር። ስለዚህ ተውኩት።"

አይደለም ልለው አፌን ከፈትኩ። አላወቅኩም ማለቴ እውነት ነው፤ በልጄ እምላለሁ። ግን ያን ማክሰኞ ከወረቀቱ ላይ ያችን ሰዓት ሳገኝ ሆዴ ውስጥ የተሰማኝን አስታወስኩ። ንዴት አልነበረም፤ ንዴቱ በኋላ የመጣ ነው። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። ከእንግዲህ አልከፍልም የሚል ደስታ። ስለዚህ አይደለም ማለቱ ከአፌ ሳይወጣ ቀረ። እሱም መልስ አልጠበቀም፤ ሹራቡን ከዘበኛው ተቀብሎ በእጁ እየዳበሰ ነበር።

ዘበኛው ሰዓት አልቋል እያለ ሽቦውን ሲያንኳኳ ሹፌሩ አንድ ነገር ቀረኝ አለ።

"አዲስ ሹፌር ቀጥረዋል አሉ።"

"ቀጥሬያለሁ።"

"በየት በኩል ነው የሚመጣው?"

"በፈጣኑ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። "ወጣት ነው አሉ። ዓይኑ ጤነኛ ነው?"

"ጤነኛ ነው" አልኩት።